ጋሽ ለምን እና አንዲት የኋላ እርምጃ

ወዳጅ ጎረቤት ሁሉ «ጋሽ ለምን» እያለ የሚጠራቸው የካራቴ መምህር፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ገና ተማሪ ሳሉ ነው፤ አስተማሪዎቻቸውን በጥያቄ መውጫ መግቢያ ያሳጡ ነበር።

ትምህርታቸውን ሲጨርሱ የአባታቸውን የስፌት መኪና ተረከቡ። በዚያው ዘመን፣ በአንድ መጋዘን ጓሮ ባለች ክፍል ከሚያስተምሩ መምህር ዘንድ ካታ መማር ጀመሩ። ካታ ያለ ተጋጣሚ፣ ለብቻ በተርታ የሚሠራ እንቅስቃሴ ነው። ሌላው ቅርጹን ሲያሳምር እሳቸው ግን እያንዳንዱ እጅ ከምን ለመዳን እንደሚነሣ ካላወቁ ዕረፍት አልነበራቸውም። ብናኙ በመስኮቱ ብርሃን ሲንሳፈፍ፣ ስፌት መኪናቸው ፊት እንደተቀመጡ፣ ዓይናቸው ሳይከደን ያልሙ ነበር። የማይታይ ሰው አንገታቸውን ያንቃል፤ እጃቸው ቀስ ብሎ ይመልሰዋል፤ የደንበኛው ሱሪም ተጣሞ ይሰፋል።

በሠላሳ ዓመታቸው ፋርማሲስት ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ልጆች አፈሩ። በካታ ውስጥ ወደ ዳሌ የሚመለሰውን ቡጢ ሁሉም ለማማር ነው ሲል፣ ምስጢሩ የተገለጠላቸው ማዕድ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ቀን ለሙከራ የባለቤታቸውን እጅ ጥርቅም አድርገው ያዙ። ባለቤታቸውም «ልቀቀኝ እንጂ፣ ሽንኩርቱ አረረብኝ!» ብለው የተያዘ እጃቸውን ወደ ወገባቸው ሳብ ሲያደርጉ፣ ጋሽ ለምን ተንደርድረው ከማቀዝቀዣው ጋር ተላተሙ። ግንባራቸውን እያሹ ደስታቸውን አልቻሉትም። ጥቅሙን የማያውቁትን እንቅስቃሴ ላያስተምሩ ለራሳቸው ቃል የገቡት ያን ዕለት ነው።

አንዲት እርምጃ ግን እንቢ አለቻቸው። በመጨረሻው ካታ መሀል፣ ያለ ምክንያት ወደ ኋላ የምትሄድ። ከእርግጫ መሸሻ ናት እያሉ ሲያስተምሩ ኖሩ፤ ልባቸው ግን አልተቀበለውም። በስተመጨረሻ አልጋ የያዙትን አረጋዊ መምህራቸውን ሄደው ጠየቁ። መምህሩም ሣቁ። «ምሰሶው ነዋ ልጄ! እናንተ ሳትመጡ ክፍሉ መሀል ምሰሶ ነበር፤ እንዳልላተም ብዬ ነው።»

ጋሽ ለምን አንገታቸውን ደፉ። ሰው ሁሉ አምኗቸው ሳለ ባዶ ነገር ያስተማሩ መሰላቸው። ቦታቸውን የተረከበችው ታላቋ ልጃቸው እርምጃዋ ትውጣ ወይስ ትቆይ ብላ ብትጠይቃቸው፣ «ቆይ፣ ላስብበት» አሏት። ሳንባቸው ታሞ ሆስፒታል ሲገቡም ገና እያሰቡበት ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለ ዓይናቸውን ገለጡ። «አታውጪያት» አሏት። «እዚያች እርምጃ ላይ ስደርስ መምህሬ ወጣት ሆነው ይታዩኛል፤ ከምሰሶው ላለመላተም ወደ ኋላ ሲሉ። ለዚህ ነው የምትጠቅመው።» ረፋዱ ላይ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። እኛ ገና አልጠገብናቸውም። ብዙ ደክመዋልና ፈጣሪ ነፍሳቸውን በእርጋታ ተቀብሎ ያሳርፍልን።