ስለ አንድ ብርቱካንማ ሰደርያና ስለ አራተኛ ፎቅ በር

ለተከበሩ የአካባቢያችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ በር ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ስጠብቅ ጸሐፊዎ ወገብዎን እንደሚያምዎ ስለነገሩኝ ከዚያን ቀን ጀምሮ አስብልዎታለሁ። ብቻዎን የሚኖሩ ቢሆን ኖሮ መዝገባችን ላይ አስፍረን በሳምንት አንድ ቀን እየመጣን እንጠይቅዎ ነበር። ተመስገን ነው፣ እርስዎ ሰው አላጡም፤ በርዎ ላይ ሁልጊዜ ሰልፍ አለ።

ከዚህ በፊት አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ይህኛውን በጋዜጣ ለማውጣት ተገድጃለሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ልለጥፈው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የዕጩዎች ፎቶግራፍ ሞልቶታል። ሁሉም ፈገግ ብለዋል። መካከላቸው ገብቼ ፊታቸውን ማጥቆር አልፈለግሁም።

ማኅበራችንን ላያስታውሱት ይችላሉ። ከዳቦ ቤቱ ጎን ደረጃ ወርዶ ያለ አንድ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አሥራ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የአርባ ሦስት ሰዎች ዝርዝር። ሥራችን ከቤት መውጣት የማይችሉና ጠያቂ የሌላቸውን አዛውንት በር ማንኳኳት ነው። ገብተን እንቀመጣለን፤ መድኃኒት እንደረድራለን፤ አምፖል እንቀይራለን፤ መቶ ጊዜ የሰማነውን ታሪክ እንደ አዲስ እንሰማለን። ይኸው ነው። ለክቡርነትዎ ሪፖርት የሚሆን ነገር የለውም።

ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ጽሕፈት ቤትዎ «ማኅበራት በምርጫ ወቅት ኅብረተሰቡን የሚያሳትፉበትና ድጋፍ የሚያገኙበት መንገድ» በሚል ርእስ ላዘጋጀልን የግማሽ ቀን ሥልጠና እጅግ አመሰግናለሁ። አሠልጣኙ ጎበዝ ሰው ናቸው። ሕዝቡ ወደሚሰበሰብበት ሂዱ አሉን። እጄን አውጥቼ የእኛ ሰዎች እንደማይሰበሰቡ፣ ማኅበሩም የተቋቋመው በዚሁ ምክንያት መሆኑን አስረዳሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው አሉና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ። የሚቀጥለው ገጽ «በጉልህ ታዩ» ይላል። አሰምሬበታለሁ።

2. በሥልጠናው መሠረት፣ አድልዎ እንዳይሆን፣ አምስቱንም ዕጩዎች በእኩል ጋበዝናቸው። ጥያቄያችን አንድ ብቻ ነበረች፤ ከምርጫው በኋላ እነዚህን ሰዎች ማን ይጠይቃቸዋል? አንድ ዕጩ መጡ። የሾፌሮች ማኅበርን አዳራሽ ሲፈልጉ ተሳስተው ነው የገቡት። ሆኖም ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ስንት መራጭ አላችሁ ብለው ጠየቁ። አርባ ሦስት፣ ከነዚህ ደረጃ መውረድ የሚችሉት ዘጠኝ ናቸው አልኳቸው። ሰዓታቸውን አዩ። ሲወጡ ግን ወንበራቸውን አንሥተው ወደ ቦታው መለሱ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ይህን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ።

3. ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሌባ ጠያቂ ነኝ ብሎ የአንድ አዛውንት ቤት ከገባ ወዲህ፣ ሁላችንም ብርቱካንማ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰን እንድንሄድ ወሰንን። አዛውንቶቹንም ሁሉ አንድ ሕግ አስተማርን፤ ብርቱካንማ ካላያችሁ አትክፈቱ። በየቤቱ፣ በየሳምንቱ፣ እንደ ፊደል አስቆጠርናቸው። ሕጉን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። በወቅቱ ኮርቼበት ነበር።

ዘንድሮ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ብርቱካንማን መረጠ። ጽሕፈት ቤትዎም ከማንኛውም ተወዳዳሪ ጋር የሚመሳሰል ልብስ እንዳንለብስ በቁጥርና በቀን ወጪ የሆነ ደብዳቤ ጻፈልን። ቀለም ቀይሩ ተባልን። አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ቀዩና ቢጫው ተይዟል። ግራጫ ቀርቷል። ለግራጫው አመሰግናለሁ።

4. በጎ ፈቃደኞቻችን አሥራ አንድ ነበሩ። ሰባቱ ቆብና ምሳ ወዳለበት ቅስቀሳ ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም። ሦስቱ ሁሉም ይለፍ ብለው ቤታቸው ተቀመጡ። ሰደርያዎቹን የሰፋልን ልብስ ሰፊ እስከ መጨረሻው ቆይቶ ነበር። ያለፈው ሰኞ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ወንድምዓለም፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ፤ በገዛ ስፌቴ የማንም ካድሬ አልባልም» አለኝ። ጨርቁ ላይ የቀረ ክር በጣቱ ነቀለ። ሄደ።

ባዶ ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ወንበር ሲደረደር ሰው ሳያስበው ይቆጥራል።

5. አምስተኛ ነጥብ ነበረኝ። ጠፋኝ። ስለ ማኅተም ይመስለኛል።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው። የጻፍኩት ስለ አንድ በር ነው።

በመዝገባችን ተራ ቁጥር ስድስት ላይ አንዲት ጡረተኛ የስልክ ኦፕሬተር አሉ። እትዬ መስመር እንላቸዋለን፤ ወሬ ሲያቋርጡ እስከ ዛሬ «መስመር ላይ ይቆዩ» ይላሉና። ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ዓይናቸው ደክሟል። በበሩ ቀዳዳ ፊት አይለዩም፤ የሚለዩት ደማቅ ቀለም ብቻ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ እየሄድኩ የሰባት ቀን መድኃኒታቸውን ሰባት ጉድጓድ ባለው ሳጥን እደረድርላቸዋለሁ። ሁለት ዓይነት ክኒን አለ። አንዱ የልብ ነው፣ አንዱ የእንቅልፍ። ሁለቱም ነጭ ናቸው።

ደብዳቤዎ በደረሰን ሳምንት፣ ትእዛዝ አክባሪ ዜጋ እንደመሆኔ፣ ግራጫ ኮት ለብሼ ሄድኩ። አንኳኳሁ፤ ስሜን ተናገርኩ። «ድምፁ የሱ ነው» አሉ ከውስጥ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ጮክ ብለው፦ «ልብሱስ?» መንግሥት ከልክሎን ነው እትዬ፣ አልኳቸው። ሳቁ። «አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ድምፅ ሳገናኝ ኖሬአለሁ። ድምፅ እንደማይዋሽ ለኔ ነው የምትነግረው? ያንን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ሰደርያውን ሳይለብስ አይመጣም።» ያንን ልጅ ያሉት እኔን ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

አልከፈቱም። ልክ ናቸው። ያስተማርኳቸውን ነው ያደረጉት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግሜ ሄድኩ። በዚያን ቀን ድምፃቸው ደስ ብሎት ነበር፣ ግን ዘገም ይላል። «የዚያ ልጅ ጓደኞች መጥተው ነበር» አሉኝ፤ ከእኔ ጋር ወሬ እንኳ ጀመሩ፣ ሌባም ቢሆን ሰው ሰው ነው ብለው መሰለኝ። «ሦስት ናቸው፣ ሁሉም ብርቱካንማ ለብሰዋል። ስለ መንገድና ስለ መብራት አወሩኝ። ሳጥኑን ስሰጣቸው ግራ ገባቸው። አንዲት ደግ ሴት ግን ቁጭ ብላ ደረደረችልኝ፤ ወረቀትም ትታልኛለች።»

ክቡር ሆይ፣ ያቺን ሴት አልወቅሳትም። ቅስቀሳ ላይ ሆና፣ ገና ብዙ ደረጃ እየቀራት፣ ለማታውቃቸው ሴት ቁጭ ብላለች። ነገር ግን የትኛው ነጭ የልብ፣ የትኛው ነጭ የእንቅልፍ እንደሆነ ማን ነገራት? በበሩ በኩል ጠየቅሁ። «እንቅልፍ ሆኗል ሥራዬ» አሉኝ። «ቀኑ ምንድነው?» ማክሰኞ ነው እትዬ። «ኧረ?» ሳጥኑን አይንኩት፣ እባክዎ አይንኩት ብዬ ለመንኩ። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው መድኃኒትዎን አይዋጡ ቢልዎ እርስዎ ይሰሙታል? ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ማክሰኞ የእኔም ቀን ነበር። ከዚያ ውጭ በስሜ የሚጠራኝ የለም።

ከዚያ ቀጥታ ወደ እርስዎ መጣሁ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያልኩት ያኔ ነው። ከባለሙያዎችዎ አንዱ በትሕትና አነጋገሩኝ። የራሳችሁን ሰው ላኩ፣ ሐኪም ላኩ፣ ወይም ለአንድ ሰደርያ፣ ለአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ደረጃ ፈቃድ ስጡኝ አልኩ። «ባለጉዳይዋ ራሳቸው ቀርበው ያመልክቱ» አሉኝ። አመሰግናለሁ። ይህን መልእክት በበሩ በኩል ለማስተላለፍ አቅም አጣሁ።

ምርጫው አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ማን እንደሚያሸንፍ አላውቅም፤ ብርቱካንማው ቢያሸንፍም ቢሸነፍም እኔ አላተርፍም። ጥያቄዬ ልቡ የደከመ ሰው በእንቅልፍ ክኒን አሥራ ዘጠኝ ቀን ይቆያል ወይ የሚለው ብቻ ነው።

ስለዚህ ፈቃድ አልጠይቅም፣ ላሳውቅዎ ነው። ይህ ጋዜጣ በሚወጣበት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የተከለከለውን ሰደርያ ለብሼ አራተኛ ፎቅ በስተግራ ያለውን በር አንኳኳለሁ። ከከፈቱልኝ ገብቼ ሁለቱን ነጮች እለያለሁ። ካልከፈቱልኝ፣ ወይም ከውስጥ ድምፅ ካጣሁ፣ በሩን እሰብራለሁ፤ የበሩም ጥፋት በእኔ ይቆጠር። ሰው ሊልኩብኝ ከፈለጉ አድራሻውን ከላይ ጽፌዋለሁ። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ አንድ አንድ እያሉ ይውጡ፤ አንዱም የሐኪም ቦርሳ ይያዝ።

ወገብዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ፤ ወንበርዎ ለስላሳ፣ ሰልፍዎ ረጅም ይሁን፤ ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ደረጃ በወጣሁ ቁጥር አብሮኝ እየወጣ፣

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ተላላኪ፣ ቁልፍ ያዥና፣ ካለፈው ሰኞ ወዲህ፣ ጠቅላላ ጉባኤ።

ማሳሰቢያ፦ ለሦስቱ ደብዳቤዎች መልስ ለመስጠት አስበው ከሆነ፣ በበሩ ሥር ወረቀት አሾልኮ የሚሄድ መልእክተኛ አይላኩብኝ። ያንኳኳ፤ ትንሽም ይጠብቅ። ምን ዓይነት ቀለም እንደለበሰ ሳልጠይቅ እከፍትለታለሁ።