የእምነት መኪና ክንፍ

ልጄ እምነት፣ መድኃኔዓለም ከፊትሽ ይቅደም። እኛ ደህና ነን።

ከአውስትራሊያ የላክሽውን የእሽቅድምድም ቪዲዮ አየሁት። በአፈሩ ሜዳ ስትዞሪ፣ መኪናሽ አናት ላይ የተገጠመው ክንፍ ይዞሽ የሚነሣ መሰለኝ። ደንግጬ፣ «ያን ክንፍ አስወልቅላትና ዣንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። በሕልሜም ከአቃቂ ሐዲድ በላይ አቧራ ለብሰሽ ስትበሪ አየሁሽ፤ ብጠራሽ አልሰማሽም።

ጠዋት ለአባትሽ ነገርኩት። ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ያረጀ ሰው አይደል፣ ሳቀብኝ። «ክንፉ እኮ ነፋሱ ወደ መሬት እንዲጫናት ነው፤ መፍራትስ ከወለቀ ነው» አለኝ።

ነጠላዬን ሳላጣፋ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። «ጌታዬ፣ የትናንቱን እርሳው። ክንፉን አጥብቅላት፤ ዣንጥላውም ሁለት ይሁን» አልኩት።

እሱ ይጠብቅሽ፣ የእኔ ዓለም። ቪዲዮውን ሁልጊዜ እየዞርሽ ሳለ ነው የምትቆርጪው። አደራ፣ ከመኪናው ወርደሽ በእግርሽ ስትቆሚ የሚያሳየውን ላኪልኝ።

እናትሽ አስቴር