አጭር ጥሪ አይነሳም

ውድ ወንድሜ ሀይደር፣

አላህ ይዘንልህና፣ ሞተሃል ብዬ ለመጻፍ እስካሁን እጄ እምቢ ይለኛል። ስለ ጋማ ጨረር ፍንዳታ ስነግርህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? ከሰማይ ጥግ ድንገት ብልጭ ይላል፣ ሳተላይት ይይዘዋል፣ ተመራማሪዎቹም በቆይታው ይለዩታል አልኩህ። ከሁለት ሰከንድ ያነሰው አጭር ይባላል፤ ሁለት የሞቱ ኮከቦች ሲጋጩ ነው። ከዚያ የበለጠው ረጅም ነው፤ አንድ ግዙፍ ኮከብ ሲፈርስ። አንተ የአይሱዙህን ጎማ በእግርህ እየመታህ ሳቅክብኝ። «አንቺ ቲቸር፣ ሰማይም ሚስኮል ያደርጋል በይኛ!»

የእኛ ሕግ ነበራ! ስልኩ አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ ደርሰሃል ማለት ነው፣ አይነሳም። መጥራቱን ከቀጠለ ችግር አለ፣ ይነሳል።

ያን የመጨረሻ ቀን ዝንጅብል ልትጭን ወደ ዳምቦያ ሄደህ ሳለ፣ ስልኬ ክፍል ውስጥ አንዴ ጠርቶ ዝም አለ። ስምህን አየሁ። ደረሰ ብዬ ማስተማሬን ቀጠልኩ፤ በእረፍት ሰዓት ለእማም ነገርኳት። ከሰዓት በኋላ ሬሳህን አመጡልን። መኪናህ የተገለበጠው ከዳምቦያ ወዲህ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው።

ሳይደርስ ደርሻለሁ የሚል ሰው አለ እንዴ? ረጅሙን እየደወልክልኝ ተቋርጦብህ ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። ሰከንድ ብቻውን እንደሚያታልል ተመራማሪዎቹም ደርሰውበታል፤ በቅርብ ዓመታት አጭር ያሉትን አንድ ብልጭታ ቢመረምሩት የፈረሰ ኮከብ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ነው ብልጭታው ሲጠፋ ቴሌስኮፕ ወደ ቦታው አዙረው የቀረውን ደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት። እኔም ዛሬ ቦታው ድረስ ሄድኩ።

የአካባቢው ሰዎች መጀመሪያ ከደረሰችልህ ሴት ጋር አገናኙኝ። ገነቴ ትባላለች፣ እዚያው ዝንጅብል ትነግዳለች። ስሜን ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ስልኩ መሬት ወድቆ አገኘሁት» አለችኝ። «ከላይ ያለውን ቁጥር ነካሁ። አንዴ ሲጠራ፣ ምን ብዬ ላርዳቸው ብዬ ደንግጬ ዘጋሁት። ያኔ እሱ አልፎ ነበር፣ እህቴ። ይቅር በይኝ።»

የደወልከው አንተ አልነበርክም ለካ። ኮከቡም እንዲሁ ነው፤ ብልጭታው እኛ ጋ ሲደርስ እሱ ካለቀ ስንት ዘመኑ። ጠርተኸኝ አልቀረሁብህም፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን የመጨረሻ ቃሉ ናት ብዬ ያቀፍኳት ያቺ ጥሪም የአንተ አልሆነችም።

ስመለስ ሆሳዕና መናኸሪያ እንደወረድኩ፣ እጄ ለምዶበት፣ ወደ ቁጥርህ አንዴ ደውዬ ዘጋሁ። ስልክህ እማ ጋ ነው፤ ማንበብ ባትችልም ቻርጅ ማድረጉን አንድ ቀን አትረሳም። ቤት ስደርስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አንተ ከሞትክ ወዲህ ፊቷ እንደዚያ በርቶ አላየሁም።

«ሳሊሃ፣ ስልኩ ጠራ! አንዴ ብቻ። አላነሳሁትም፣ አጭር አይነሳም። ልጄ ደርሷል።»

ወላሂ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

«አዎ እማ፣ ደርሷል» አልኳት።

«ነገም ይደውላል፣ አይደል?»

ነገ ከትምህርት ቤት ስወጣ እደውልልሃለሁ። አንዴ ብቻ። አደራህን፣ እንዳታነሳው።

እህትህ ሳሊሃ
ሆሳዕና