ማይኬና የእንግሊዙ ቀልደኛ

ሰኞ

የሪሞቱ ባትሪ አልቋል፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ አይቀንስም። ሌላ ቅሬታ የለኝም።

ደግሞ የእህቴ ልጅ ቤቲ ከፖላሪስ የገበያ ማዕከል ከሥራ ስትመለስ ሶፋዬ ላይ ተጋድማ ያንን የእንግሊዝ ቀልደኛ ታያለች። ዛሬ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። በእኔ ቀልድ እንዲህ የሳቀችው የፊት ጥርሷ ሳይበቅል ነው።

ማክሰኞ

የሰውየውን ታሪክ ተከታትዬ አየሁ። የጀመረው በሬዲዮ ነው። ጳጳስ አይል፣ ሚኒስትር አይል፣ ያገኘውን ሁሉ ይጎነትላል። አንድ ቀን በቀጥታ ስርጭት በገዛ አለቃው ቀለደ፤ ተባረረ። ከዚያ? ቴሌቪዥን ወሰደው። ሽልማት በሽልማት ሆነ።

እኔስ? አምና በኮሚኒቲያችን በዓል ማይክ ይዤ፣ "ሊቀመንበራችን ጋሽ ባልቻ ንግግር ሲጀምሩ የተወለደ ልጅ፣ ሲጨርሱ መንጃ ፈቃድ አወጣ" አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያልሳቁት ጋሽ ባልቻ ብቻ ናቸው። ማይኩን ተቀማሁ። የዘንድሮው በዓል ቅዳሜ ነው፤ እኔ ወንበር ደርዳሪ ነኝ። ማይኩን የሚይዘው ቀልድ ከስልኩ የሚያነብ ሰው ነው።

እሱን አባረው ቴሌቪዥን ሰጡት፣ እኔን አባረው ወንበር።

ረቡዕ

እንግሊዙ ሊያስቅ ሲል ዝም ይልና ቅንድቡን ብቻ ያነሳል። ራት ላይ ሞከርኩት። ቤቲ ሹካዋን አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ አሞሃል እንዴ? ናይን ዋን ዋን ኮል ላድርግ?"

ሐሙስ

የእንግሊዙን ቃለ መጠይቅ አየሁ። ከሬዲዮ የተባረረ ሰሞን የሚደውልለት ጠፍቶ ቀልዱን ለድመቱ ይነግር ነበር አሉ። አዘንኩለት። ይኼ ይብሳል፤ በሚያሳዝን ሰው መቅናት ደስ አይልም።

እኔ ድመት የለኝም። ፍራንክሊንተን ሰፈር ዕቃ ሳደርስ ለመኪናዬ መሪ ስቀልድለት ዋልኩ።

ዓርብ

ወንበር ልደረድር ልወጣ ስል በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ባልቻ! እኔ ቤት ረግጠው አያውቁም። ወፍራም የወረቀት ጥራዝ ዘረጉልኝ።

"የነገው ንግግሬ ነው" አሉ። "ለመናገር በተነሳሁ ቁጥር የልጅ ልጄ ሳትቀር 'መንጃ ፈቃድ' ትለኛለች። አሳጥርልኝ።"

"ማይኩስ?" አልኳቸው።

"መጀመሪያ አሳጥር።"

ኩሽና ተቀምጬ እየሰረዝኩ ነው። ለማይኩ ስል በጥንቃቄ። እሳቸው ሳሎን፣ ቤቲ አጠገብ፣ እንግሊዙን ያያሉ። ድምፁ አሁንም አይቀንስም። መሃል ላይ እንግዳ ድምፅ ሰማሁና ብቅ ብዬ አየሁ። በእኔ ቀልድ ያልሳቁት ጋሽ ባልቻ ይስቃሉ። በመሐረብ እንባቸውን እየጠረጉ።

የሰረዝኩትን አንድ ገጽ መልሼ አስገባሁት።