አባቴ የገመተው ቀን በእርስዎ እጅ ነው

ለተከበሩ የኩዊልኔስት ብሎግ አገልግሎት ደንብ አስከባሪ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እኛ በሰሜን ሚኒሶታ በሎን ሐይቅ ዳር የምንኖር የካንጋስ ቤተሰቦች፣ ማርች 3 ቀን ብሎጋችሁ ቁማር ቤት ነው ብለው ከዘጉብን ወዲህ፣ በቸርነትዎ ደህና ነን። ለግል ደብዳቤዎቼ ጊዜ ስላጡ ይህንን በከተማችን ጋዜጣ እንዲያነቡት ብዬ ነው።

ቁማሩ እንዲህ ነው። ሐይቁ በረዶ በሠራ ቁጥር አባቴ ቶይቮ አንድ ቀይ የብረት ወንበር መሐሉ ላይ ያስቀምጣል፤ እኛም በረዶው ሳስቶ ወንበሩ የሚሰጥምበትን ቀን ገምተን ወደ ብሎጋችን እንልካለን። ያሸነፈ አንድ የብሉቤሪ ፓይ፣ ማለትም ፍሬ የተሞላ ኬክ፣ ይበላል። ግምቱ ወንበሩ እስኪሰጥም ድረስ ተሰውሮ ይቆያል፤ የብሎጉ ጠባቂ እኔ እንኳ ላላነብ ምያለሁ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉም አንብቤ አላውቅም። ይህን የሚያህል ወንጀል ከዓይንዎ አለማምለጡ ያስመሰግንዎታል።

1ኛ. "ውርርድ" የሚል ቃል ባየ ቁጥር በር የሚቀረቅር ማሽን ስላቆሙልን እናመሰግናለን። የእህቴ ልጅ ሄልሚ የሣለቻቸው ስልሳ ዳክዬዎች፣ ወንድሜ ሬይኖ የሳውናው፣ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ጣሪያ እንዴት እንደተናደበት የጻፈው ታሪክ፣ ሁሉም ከቁማርተኞቹ ጋር ታስረዋል።

2ኛ. ለጻፍኳቸው ዘጠኝ ደብዳቤዎች ዘጠኝ ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ሰጥተውኛል። ቃሉን የማይለውጥ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

3ኛ. ይህንን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። አባቴ የዘንድሮ ግምቱን የላከው ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ፣ ሆስፒታል ተኝቶ፣ በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጽፎ ነው። "እናንተ በረዶ የምታውቁት ፍሪጅ ውስጥ ነው! ዘንድሮ ፓዩ የኔ ነው፣ አርፋችሁ ተቀመጡ" ብሎ ሳቀብን። ቀኑን ብንጠይቀው "ደንብ ደንብ ነው" አለን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ። በዕድሜው መጨረሻ የጻፈው ያንን ነው፤ እኛ አላየነውም። የተዘጋ ብሎግ በስልሳ ቀን ይደመሰሳል ይላል ደንብዎ፤ ይህም ሜይ 2 ቀን መሆኑ ነው።

መሐላዬን አፍርሼ ሰርቄ ባነበው ኖሮ ዛሬ ደጅ አልጠናዎትም ነበር። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ተብዬ ያደግሁ ሞኝ ነኝ። ብሎጉ ይቅር፤ ዳክዬዎቹም ፍርዳቸውን ይጨርሱ። የአባቴን አንዲት መስመር ብቻ ይላኩልን።

ዕድሜዎ እንደ ደንብዎ መጽሐፍ እንዲረዝምልኝ፣ እርስዎም ከመጽሐፉ በተሻለ ልብ ብሎ የሚያነብዎ ሰው እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ ከነቁማርተኛ ዘመዶቼ እጅ እነሳለሁ።

ኤይሊ ካንጋስ
ኤፕሪል 24

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ ሳይታተም ወንበሩ ዛሬ ኤፕሪል 27 ከቀትር በኋላ ሰጠመ። ሁላችንም ግምታችንን በየተራ ተናገርን፤ ሬይኖ በሦስት ቀን ስቶ ከሁላችን ቀረበ። ፓዩን ስንሰጠው ግን "የአባባ ሳይታይማ አልነካውም" ብሎ ገፋው። ስለዚህ "የቶይቮ ሊሆን ይችላል" ብለን ጽፈንበት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠነዋል፤ ከቤታችን ሰው አንድም እጁን አልሰደደበትም። የሰው አደራ የሚጠበቀው እንዲህ ነው፤ ለመማር ከፈለጉ አምስት ቀን ይቀርዎታል።