አምስት ጊዜ የተመለሰችው ሽኮኮ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? የአባትሽን እጅ ጽሑፍ ስታዪ ክፉ ወሬ መስሎሽ እንዳትደነግጪ፤ እኔም እናትሽም ደህና ነን። ስምንት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብዕር ያስጨበጠችኝ አንዲት ሽኮኮ ናት። ሳቂ፣ ግድ የለም።

ከአናጢነት ሥራ ቤቴ ጀርባ ያለውን ትልቅ ዛፍ ታውቂው የለ? አንዱ ቅርንጫፍ ጣሪያውን ቢጫነው ልቆርጠው ወጣሁ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ በመዶሻ መታ መታ አደረግሁት። ውስጡ ባዶ የሆነ እንጨት ያስተጋባል፤ ይሄ አላስተጋባም። «ድፍን ነው» አልኩና መጋዜን ሰደድኩ። አርባ ዓመት እንጨት የቆረጠ ሰው እንዲህ ይሳሳት? ለካ ውስጡ ባዶ ኖሮ ሽኮኮዋ ሣርና ጥጥ ጠቅጥቃ ድምፁን አፍናዋለች። ሲሰነጠቅ አራት ግልገሎች ታዩኝ፤ ዓይናቸው ገና ያልተገለጠ።

እናትሽ ከታች «አንተ ሰውዬ፣ ጣለው መጋዙን! ውረድ!» ብላ ጮኸችብኝ። ወርጄ መሰላሉ ሥር ቆምኩ።

ልጄ፣ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ያቺ ሁለመናዋ ጅራት የሆነች ፍጥረት እኔ እዚያው ቆሜ ሳለ መጣች። አንዱን በአፏ አነሣችው፤ እሱም አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። በአጥሩ ላይ ሮጣ ጎረቤት ዛፍ አደረሰችውና ተመለሰች። ሁለተኛውን ወሰደች፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። በቃ ጨረሰች ስንል እንደገና መጣች! ባዶውን ጎጆ በአፍንጫዋ ፈተሸች፣ ሣሩን ገለጠች፤ የቀረ ልጅ እንደሌላት ስታረጋግጥ ነው የሄደችው። ፈጣሪ በዚያች ሚጢጢ ደረት ይህን ሁሉ ልብ እንዴት እንደከተተው እስካሁን ይገርመኛል። አለቀስኩ፤ እናትሽ ምስክሬ ናት።

የወደድሽውን ልታገቢ ስትወጪ «ከዚህ በር ከወጣሽ እንዳትመለሺ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። እናትሽ በስልክ ስታወራሽ በር ላይ ተለጥፌ እሰማለሁ፤ ብቅ ስትል የተኛሁ እመስላለሁ። አያት መሆኔንም የሰማሁት እንዲያ ነው። ስምንት ዓመት እስክትመጪ ጠበቅሁሽ። መምጣት ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ ግን አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም።

አድራሻሽን ከእናትሽ ደብተር ሰርቄ ገልብጫለሁ። ወዳንቺ የሚያመጣኝን ትኬትም ለሚቀጥለው ወር ቆርጫለሁ። በሩን ባትከፍቺልኝ አልቀየምም፤ በማግስቱ ተመልሼ አንኳኳለሁ።

ልጅሽን ያሳድግልሽ፤ ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ። ባልሽን ሰላም በዪልኝ።

አባትሽ