አንተ የተቀመጥክበት ወንበር

የካቲት 11 ቀን፣ ከቢሮዬ፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድህና ሰሞኑን ደግሞ ክፉኛ ለምቀናብህ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን። ልጅህ ድምቡሼ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስታወራ ፉጨት ይቀላቀልባታል። "አባዬ ሲመጣ ይተክልልኛል" እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ታስቃለች። እናትህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ይጠይቁናል። የኩሽናው ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል። የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቤት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ሰው ምን እንደሚል አንተው ገምት።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ድምፅህን ስሰማ ስለምሸነፍ ነው። ጉዳዬ ባለፈው ሳምንት የላክልኝ መልእክት ነው። "የውሃ ቆጣሪውን ችግር ያሳየሽባቸውን ሥዕሎች ላኪልኝ፤ በሥልጠናው መዝጊያ ስብሰባ ላይ እኔ አቀርበዋለሁ፤ እዚህ ሰው ሁሉ ወዶታል" ብለሃል። መልሱን ከመስጠቴ በፊት የሆዴን ልንገርህ፤ ተሸክሜው ከርሜ ከበደኝ።

ወደ ሙያችን ጉባኤ ስትሄድ እየሳቅኩ ነበር የሸኘሁህ። ሁለታችንም የኮምፒውተሩን አሠራር የምንቀይስ ሲስተም አናሊስቶች፣ ሁለታችንም በየመሥሪያ ቤታችን የሙያው ብቸኛ ሰዎች ነን። ያንተ ባንክ ግን ላከህ፤ ከጉባኤው በኋላ ለሚሰጠው የሦስት ወር ሥልጠና እንድትቆይም ፈቀደልህ። የእኔ ኃላፊ "ጉባኤ ማለት ሻይ መጠጣት ነው" ብሎ ማመልከቻዬን መለሰልኝ። አንተም ልታጽናናኝ ብለህ "ወሬ ብቻ ነው፣ ምንም አይቀርብሽም" አልከኝ። አምኜህ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከዚያ ደብዳቤዎችህ መጡ። የወደቡ አናሊስት እንዲህ አለ፣ የግብር ቢሮው እንዲህ መለሰለት፣ ተከራከርን፣ ተሳሳቅን። አንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ኮምፒውተር ያበላሸ ሠራተኛ ሁሌ የሚላትን "ምንም አልነካሁም" የምትለዋን ቃል ብቻ ተናግሮ ሲወርድ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ ብለህ ጻፍክልኝ። እኔም እዚህ ወንበሬ ላይ ሆኜ ሳቄ አመለጠኝ። አጠገቤ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ ቀና ብሎ ምን እንዳገኘሁ ጠየቀኝ። ልነግረው ጀመርኩና ተውኩት። ያን ዕለት ቅናት እንደ ቃር ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

ደግሞ ያቺ ሐኪም ቤት የምትሠራዋ አለች። በየደብዳቤው ብቅ ትላለች። ሐኪም ቤት የምትሠራዋ እንዲህ ብላ ጠየቀች፣ ሐኪም ቤት የምትሠራዋ ይህን መጽሐፍ አዋሰችኝ። ፎቶ ስትልክ እሷ ከጎንህ ናት። ፎቶውን አጉልቼ አየኋት፤ ቆንጆ ናት፣ ምን ይደረግ። ድምቡሼ በትከሻዬ አጮልቃ "ይቺ ማናት?" ስትለኝ "የአባትሽ ጉባኤ ናት" አልኳት።

የቆጣሪው ችግር እንዴት እንዳንገበገበኝ አንተም ታውቃለህ። ደንበኛው ለወራት ትንሽ ይከፍል ይከፍልና በአንዱ ወር ሰማይ የነካ ሒሳብ ይመጣበታል። አንድ ሽማግሌ ወረቀታቸውን የክፍያ መስኮቱ ላይ ለጥፈው "ልጄ፣ በአንድ ወር ሐይቅ ጠጣሁ እንዴ?" ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኃላፊዬ ሰው በተሰበሰበበት ሲስተምሽ ሌባ ነው አለኝ። ሒሳቡን የሚያሰላውን ክፍል መስመር በመስመር ስፈትሸው ከረምኩ። እንከን የለበትም። የማማክረው ሰው ደግሞ አልነበረኝም፤ አንተም ያኔ ባንክህ ውስጥ ተቀብረህ ነበር።

እና አንተ ይህን ሁሉ ጭንቄን ምሳ ጠረጴዛ ላይ አነሳኸው። ሐኪም ቤት የምትሠራዋ ሹካዋን አስቀምጣ "እኛ ዘንድ በሽተኛው ሁሉ ስልሳ ኪሎ ነበር" አለች ብለህ ጻፍክልኝ። ሚዛኑ ተበላሽቷል፣ የኮምፒውተሩ ቅጽ ደግሞ ክብደት ካልተሞላ አላሳልፍም ይላል፤ ስለዚህ ነርሶቹ ለሁሉም ስልሳ ይጽፉ ነበር። "ሚስትህ ስሌቱን ትተወውና ቁጥሩ የሚገባበት ቦታ ላይ ቆማ ትመልከት" አለች። ሳነበው ደስ ሊለኝ ሲገባ እርር ድብን አልኩ።

በማግስቱ ከአንድ ቆጣሪ አንባቢ ጋር ወጣሁ። አንድ የተዘጋ የብረት በር ጋ ደረስን። አንኳኳ፣ ውሻ ጮኸ፣ የሚከፍት ጠፋ። ሰውዬው ምንም ሳይመስለው ንባቡን በሚመዘግብበት ስልክ ላይ ያለፈውን ወር ቁጥር መልሶ አስገባና መንገዱን ቀጠለ። ምነው ስለው "ምን ላድርግ እህቴ፤ ባዶ ከሆነ አላልፍም ይላል" አለኝ። በሩ የተከፈተ ዕለት የከረመው ውሃ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይቆጠራል። ባዶ እንዳያልፍ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ሥራ ያጠበቅኩ መስሎኝ። "በር ተዘግቷል" የሚል ምርጫ ጨመርኩበት፤ ያኔ ሒሳቡ በቀደሙት ወራት አማካይ ይታሰባል፤ መስኮቱ ላይ የነበረው ሰልፍ እየቀነሰ መጣ። ኃላፊዬ ታዲያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፤ "አየሽ፣ ጉባኤ ሳትሄጂ ፈታሽው" አለኝ።

ችግሩ ተፈታ፣ ቅናቴ ግን አልበረደም። ያኔ ነው የገባኝ። ፎቶውን መልሼ ሳየው ዓይኔ እሷን ትቶ አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ ያርፋል። የቀናሁት በሷ አይደለም፤ ባንተ ነው። ከሷ ጎን መቀመጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ስንት ወር ብቻዬን ያለቀስኩበት ነገር አንድ ሰሃን ምሳ እስኪያልቅ በሚወራ ወሬ የሚፈታ ከሆነ፣ ምንም አይቀርብሽም ያልከኝ በምን አንጀትህ ነው?

ባለፈው ሐሙስ ሴትዮዋ ራሷ ደወለችልኝ። ቁጥሬን የሰጠሃት አንተ ነህ አሉ። ማንነቷን ስትነግረኝ ድምፄን አቀዝቅዤ ጠበቅኳት፤ ግን አላስቻለኝም። አንባቢው ሰነፍ ቢሆንና ለሁሉም ቤት "በር ተዘግቷል" ቢልስ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አላሰብኩበትም ነበር። ተከራከርን፣ ስልኩ ጆሮዬ ላይ እስኪግል አወራን። እንዲህ ያለ ወሬ እንዴት እንደራበኝ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

መጨረሻ ላይ ለምን ራስሽ መጥተሽ አታቀርቢውም አለችኝ። ልጅ አለችኝ፣ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት የለም፣ ባለቤቴም እዚያው እናንተ ጋ ነው ብዬ ደረደርኩላት። እሷም፣

"እሱስ ልጅ የለውም እንዴ?" አለችኝ።

ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጉባኤውንና ሥልጠናውን ያዘጋጀውን የሙያ ማኅበር አድራሻ ፈልጌ አወጣሁ።

ስለዚህ ሥዕሎቹን አልልክልህም። ሳላምንህ ቀርቼ አይደለም። አንተ አሳምረህ ታቀርበዋለህ፤ ምናልባት ከኔም ታስበልጠዋለህ፤ የፈራሁትም እሱን ነው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባል የለ? ሽማግሌው ሲያፈጡብኝ መስኮቱ ጋ የቆምኩት እኔ ነኝ። የዚያን ውሻ ጩኸት የሰማሁት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ተነስቶ ጥያቄ ቢጠይቅ "ሚስቴን ጠይቄ እነግርሃለሁ" ልትለው ነው። ከዚያ ያጨበጭቡልሃል፤ አንተም እንዴት እንዳጨበጨቡ ትጽፍልኛለህ። ጭብጨባ ደግሞ በደብዳቤ አይደርስም።

ለማኅበሩ ጽፌ በመዝጊያው ስብሰባ ተናጋሪዎች ዝርዝር ስሜን አስገብቻለሁ። ኃላፊዬ አልፈቀደም፤ የዓመት ፈቃዴን ወስጃለሁ። እናትህን ሳማክራቸው "ሂጂ፤ እሱ ይምጣና ልጁን ይያዝ" አሉኝ፤ እንዳትቆጣቸው። አንተ ሥልጠናህን ጨርሰህ ስብሰባውን ሳትጠብቅ ትመጣለህ። እንደሚቆጭህ አውቃለሁ። ይቆጭህ፤ ከቅናት የሞተ ሰው የለም፤ እኔ ይኸው አለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። እኔ ከመነሳቴ ቢያንስ በአንድ ቀን ቀድመህ ድረስ። በሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም፤ ፈርቻለሁ። ይህን ለሷ አልነገርኳትም፣ ለእናትህም አልነገርኩም። ሳሎን ተቀመጥና የማታውቃት ሴት ከማታውቀው ከተማ መጥታ ስለ ሥራዋ ልትናገር እንደቆመች አድርገህ ስማኝ። ካልገባህ ጠይቀኝ፤ ከተሳሳትኩም አትለፈኝ። እዚያ ለማያውቁህ ሰዎች ያደረግከውን ለኔም አድርግልኝ።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ በሰላም ግባ። ድምቡሼ በወለቀው ጥርሷ በኩል እያፏጨች ሳመችህ።

ሚስትህ፣
ሲስተም አናሊስቷ